ልቤ ፎቶ የተነሳ ዕለት

በዕድሜዬ ብዙ ፎቶ ተነስቻለሁ። ለመታወቂያ ተነስቻለሁ፣ ለሠርጌ ተነስቻለሁ፣ ከማስተምራቸው ልጆች ጋር ምርቃታቸው ላይ እየቆምኩ ተነስቻለሁ። ከእነዚያ ሁሉ ፎቶ አንሺዎች አንዱም «ልብህ ካልተረጋጋ አላነሳህም» ብሎኝ አያውቅም። ቀና በል፣ ፈገግ በል፣ ከረባትህን አስተካክል፤ በቃ። ልብ መረጋጋቱ የሚጠየቀው ልብ ራሱ ፎቶ ሲነሳ መሆኑን ያወቅሁት ዘንድሮ ነው። ያውም ሚስቴን ሊያገባ ፈልጎ በነበረ ሰው ፊት።

ከሕመሙ ልጀምር። ቤታችን ወላይታ ሶዶ፣ ከዳሞታ ተራራ ግርጌ ነው፤ ከትምህርት ቤት ወደ ቤት መንገዱ ሁሉ ዳገት ነው። ከጥቂት ወራት ወዲህ ዳገቱ አጋማሽ ላይ ስደርስ ደረቴን ጭምድድ አድርጎ ይይዘኛል፤ ቆም ስል ደግሞ ይለቀኛል። ሰው ሲያልፍ ዳሞታን የማደንቅ እመስልና «ደመናው ዛሬ እንዴት ወርዷል!» እላለሁ። የጂኦግራፊ አስተማሪ ስለሆንኩ ማንም አልጠረጠረኝም። ሚስቴ ማርታ ግን «ደመና በሌለበት ቀን ቆመህ የምታየው ምንድነው?» አለችኝና ሐኪም ቤት ጎትታ ወሰደችኝ።

እኔም እምቢ አላልኩም። ታላቅ ወንድሜ በእኔ ዕድሜ ሳለ ነው ሶዶ ገበያ መሃል ደረቱን ይዞ ቁጭ ያለው። ቁጭ እንዳለ አልተነሳም። ይህን ማርታም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ፤ አናወራውም እንጂ።

ያየኝ ሐኪም የልብ ምት በወረቀት የሚመዘግበውን ኢሲጂ አነሳኝ፣ ደም አስመረመረኝ፣ ወረቀቶቹን ወደ መብራት ወደ መስኮት እያደረገ ብዙ አያቸው። «ከዚህ ብቻ ተነስቼ ደህና ነህም፣ ታመሃልም ልልህ አልችልም» አለኝ። «የልብህን የደም ሥሮች ማየት አለብን። ጠበው ከሆነ አዲስ አበባ ሄደህ ታስከፍታቸዋለህ። ክፍት ከሆኑ እዚሁ መድኃኒትህን እየወሰድክ ትኖራለህ። ይህን የሚያሳየን የልብ ሲቲ ስካን ነው። ልብ ግን ዝም ብሎ አይቀመጥም። የሚሮጥ ልጅ ፎቶ ስታነሳ ይደበዝዝ የለ? ስለዚህ የልብህ ምት በደቂቃ ከስድሳ አምስት በታች መውረድ አለበት።»

«ይወርዳል» አልኩ በኩራት። ሰላማዊ ሰው ነኝ። መምህራን ክፍል ውስጥ ሲጣሉ የምገላግለው እኔ ነኝ።

ከዋዜማው ጀምሮ ቡናና ሻይ እንዳልጠጣ፣ ከረፋዱ ጀምሮ ደግሞ ምግብ እንዳልበላ ተነገረኝ። ማሽኑ ከተማችን ከገባ ብዙ አልሆነም፤ የልብ ፎቶ የሚያነብበው ሐኪም ከአዲስ አበባ የሚመጣው በወር አንድ ቀን ነው። ያ ቀን ካመለጠ ሌላ ወር መጠበቅ ነው። በዚያ ወር ውስጥ ደግሞ ዳገቱ አለ፤ ወንድሜም ከሐሳቤ አይጠፋም።

«ዶክተሩ ማን ይባላሉ?» አልኳት ቀጠሮ የምትሰጠውን ልጅ፣ እንዲያው ለጨዋታ ያህል።

«ዶክተር እዮብ። የዚሁ አገር ልጅ ናቸው፤ የአረካ።»

ሰላማዊነቴ እዚያው መስኮት ላይ ጥሎኝ ሄደ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እዮብ የአረካ ልጅ ነው፤ ማርታ ደግሞ ተበላ የምትባል ከተማ ልጅ ናት። እኔና እሱ በአንድ የመዘምራን ጉባኤ ላይ አየናት፤ እሱ የሕክምና ተማሪ፣ እኔ ገና ጠመኔ መያዝ የጀመርኩ አስተማሪ። ሁለታችንም ወደ አባቷ ሽማግሌ ላክን። አማቴ በሕይወት ሳሉ ታሪኩን የሚያወሩት እየሳቁ ነበር። የእዮብ ሽማግሌዎች ከአረካ ሲመጡ የሚኒባሱ ጎማ መንገድ ላይ ፈነዳ፤ እነሱ ጎማ ሲያስለጥፉ የእኔ ሽማግሌዎች ደረሱ፤ ቀድሞ የደረሰው ልጅቷን ወሰደ። ዘመድ ሁሉ ይስቃል። እኔም እስቃለሁ፤ ሆዴ ግን አብሮኝ ስቆ አያውቅም። አስቡት እስቲ፤ ያ ጎማ ባይፈነዳ ማርታ ዛሬ የዶክተር ሚስት ነበረች። እኔ ትዳር ያገኘሁት በአንድ ጎማ ቸርነት ነው ማለት ነው። እስከ ዛሬ ጎማ የሚለጥፍ ሰው መንገድ ዳር ካየሁ ባለውለታዬ እየመሰለኝ ጎንበስ ብዬ ሰላም እላለሁ።

«ጎማው ባይፈነዳስ ኖሮ?» የሚለውን ጥያቄ ሃያ ምናምን ዓመት በሆዴ ይዤው ኖርኩ። ማርታን ጠይቄያት አላውቅም። ከመለሰችልኝስ?

የቀጠሮው ጠዋት ራሴን ሊፈልጠው ደረሰ። ቡና ካልጠጣሁ እንዲህ ነኝ። ጎረቤታችን የምናሴ እናት በአጥሩ በኩል አዩኝ።

«ሳሮ! እንዴት አደርክ የአቤኔዘር አባት፣ ፊትህ ምን ሆነች?»

«ራሴን።»

«ና፣ ና። ሀይታ ቱኬ አለ። ራስ ምታት እሷን ስታይ ትሮጣለች።»

ሀይታ ቱኬን ለማያውቅ አንባቢ፣ የቡና ቅጠል ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብልና ከሚጥሚጣ ጋር ተፈልቶ በቅል የሚጠጣ ነው፤ እኛ ሰፈር ጎረቤት በጠዋት የሚሰበሰበው እሱ ዙሪያ ነው። አሰብኩ። ሐኪሙ የከለከለኝ ቡና ነው። ይሄ ቅጠል ነው። ጎመንም ቅጠል ነው፤ ጎመን የከለከለኝ የለም። አንዱን ቅል ጠጣሁ። ሁለተኛውን የምናሴ እናት እንዳይከፋቸው ብዬ ጠጣሁ። ሦስተኛውን ማንንም ምክንያት ሳላደርግ ጠጣሁት።

ራሴ ሲሻለኝ ወደ ቁም ነገሩ ዞርኩ። ፀጉር አስተካካይ ቤት ሄድኩ። ሙሉ ልብሴን አስተኮስኩ። የሠርግ ጊዜ ከረባቴን ፈልጌ አሰርኩ።

«ልብህን ለሚያነሳ ማሽን ከረባት ምን ያደርግለታል?» አለች ማርታ።

ይህን ስትል ግን እሷም ሰማያዊውን ቀሚስ ለብሳ ነበር። ያ ቀሚስ ለልጃችን ለአቤኔዘር ምርቃት ተሰፍቶ ከዚያ ወዲህ ከቁም ሳጥን ያልወጣ ነው። እኔ ደሞዝ ሲጨመርልኝ አልወጣም፤ እኔ የመምህራን ማኅበር ተመራጭ ስሆን አልወጣም። ለእዮብ ማሽን ግን ወጣ።

«ሆስፒታል እኮ ነው የምንሄደው» አልኳት።

«ታዲያ የጓዳ ልብሴን ለብሼ ልሂድ?»

«ብቻዬን ብሄድስ? ለምን ሥራ ትፈቻለሽ?»

«አስፈቅጃለሁ» አለችና ሽቶ ተቀባች። ባጃጁ ውስጥ እስክንወርድ ድረስ የማሸትተው ያንን ሽቶ ነበር።

ሆስፒታሉ ደርሰን ቃልኪዳን የምትባል ከባሕር ዳር ተመድባ የመጣች ወጣት ባለሙያ ተቀበለችን። ረጋ ያለች፣ ትሑት ልጅ ናት። «ጋሼ፣ ከወገብ በላይ ያውልቁና ይችን ይልበሱ» ብላ ከኋላ የሚታሰር ጋውን ሰጠችኝ። የሚታሰር ማለቴ መታሰሪያ አለው ለማለት ነው፤ አንደኛው ክር የለም። ከረባቴ፣ የተተኮሰው ልብሴ፣ ሁሉም ወንበር ላይ ተቆልለው ቀሩ። ቀጥላ ምላጭ አመጣችና ሽቦዎቹ እንዲጣበቁ ብላ ደረቴን እዚህም እዚያም ላጨችው። ከሁሉ በፊት ፀጉሬን መስተካከሌ ምንኛ ከንቱ እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ።

ሽቦዎቹን ስታገናኝ ከራስጌዬ ያለው ስክሪን ተንጣጣ። ዘጠና ስምንት።

«ውይ፣ ፈርተዋል ጋሼ። ቡና ጠጥተዋል እንዴ?»

«በፍጹም!» አልኩ። ውሸት አልነበረም፤ እንደ እኔ አቆጣጠር።

የልብ ምት የሚያቀዘቅዝ ኪኒን ሰጠችኝ። ቤትም ሊታዘዝልኝ ስለሚችል ብላ ሁለት ጣቶቿን የእጄ አንጓ ላይ አሳርፋ ምት እንዴት እንደሚቆጠር አሳየችኝ። «በየጠዋቱ እንዲህ ይዘው አንድ ደቂቃ ሙሉ ይቁጠሩ። አያቋርጡ፤ ደቂቃው ይሙላ።» ማርታ ከጎኔ ተቀምጣ ታያለች። ቁጥሩ እየወረደ ሰባ አራት ገባ። ዓይኔን ጨፈንኩ። ሰባ ሁለት። ልቤ ወደ ፎቶው ቤት ደጃፍ እየቀረበ ነበር።

በሩ ተከፈተ።

«ማርታ! ማርታ አይደለሽም እንዴ?»

ይህን በደንብ ላስረዳ። በሰፈራችን ሚስቴን «ማርታ» ብሎ በባዶ ስሟ የሚጠራ ሰው የለም። ለሁሉም የአቤኔዘር እናት ናት። ስሙ የእኔ ነው፤ እኔ ብቻ ነኝ የምጠራው። እሱ ግን ገና ከበሩ ሳያልፍ ሁለት ጊዜ ጠራው።

ስክሪኑ ጮኸ። መቶ ስድስት።

ዶክተር እዮብ ቁመቱ አልቀነሰም። ሆድ አላወጣም። ፀጉሩ ጥቁር ነው፤ ቀለም ይሆናል ብዬ ሥሩን በዓይኔ ፈለግሁ፣ ሥሩም ጥቁር ነው። ነጩ ጋውኑ ክሮቹ ሁሉ ነበሩት። የባሰው ደግሞ ደግ ነው። ወደ እኔ መጥቶ እጄን በሁለት እጁ ጨበጠና «መምህር፣ አይዞዎት፤ ዛሬ ሳናይዎት አንሄድም» አለኝ። ክፉ ቢሆን ምን ነበረበት? ክፉ ሰው ላይ መቅናት ይቀላል፤ ደግ ሰው ላይ ስትቀና ሁለት ጊዜ ነው የምታፍረው።

«ምን ነካው? ሰባ ሁለት ነበር እኮ» አለች ቃልኪዳን ስክሪኑን መታ መታ እያደረገች።

ሃያ ምናምን ዓመት ሙሉ ቅናቴን ከማርታ፣ ከአማቴ፣ ከቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ሁሉ ደብቄ ኖሬአለሁ። አሁን በአረንጓዴ ቁጥር፣ ድምፅ እያሰማ፣ ለሚያየው ሁሉ ተሰጥቶ ነበር።

ዶክተሩ ወጣ፤ ቁጥሩ ወረደ። ዶክተሩ ወረቀት ረስቶ ተመለሰ፤ ቁጥሩ ወጣ። ማርታ ልታናግረው ኮሪደር ወጣችና ሳቋ ተሰማኝ፤ ሽቦዎቹን የምበጥስ እስኪመስለኝ ልቤ ደለቀ። ስትመለስ ስክሪኑን አየች፣ እኔን አየች፣ እንደገና ስክሪኑን አየች። አስተማሪ ናት፤ ልጅ ሲኮርጅ ከጀርባው ታውቃለች።

«ቃልኪዳን፣ እስቲ ይህን ቁጥር እይልኝ» አለች። ከዚያ ረጋ ብላ፣ «የምናሴ እናት» አለች። ሰባ ስድስት። «ርዕሰ መምህሩ» አለች። ሰባ ስድስት። «ዶክተር እዮብ» አለች።

ሰማንያ ዘጠኝ።

ቃልኪዳን አፏን በእጇ ሸፈነች። ማርታ አልሳቀችም። «የአቤኔዘር አባት፣» አለችኝ፣ «አንተ ሰውዬ ትቀናለህ እንዴ? በዚህ ዕድሜህ!»

ዶክተር እዮብ ተመልሶ ገባና ቁጥሩን አይቶ ቅንድቡን ሰበሰበ። «ኪኒኑ እስካሁን መሥራት ነበረበት። ቡና አልጠጡም አይደል?»

«አልጠጣሁም።»

እሱ ግን የአረካ ልጅ ነው። ዝቅ ብሎ በጆሮዬ አጠገብ፣ «ሀይታ ቱኬስ?» አለኝ።

ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

«ምንድነው እሱ?» አለች ቃልኪዳን።

«የቡና ቅጠል ነው፤ ልብን ከቡናው እኩል ያስሮጣል። እዚህ አገር ስትሠሪ እሱንም ጠይቂ። ስንት ቅል ነው መምህር?»

በሦስት ጣቴ መለስኩ። ማርታ «ኢየሱስ ጌታ!» ብላ ራሷን ያዘች።

«ይሁን፣ ሌላ ኪኒን ጨምሪላቸው» አለ። «የሚገርመኝ ግን ቅጠሉ ሰማንያ ያደርሳል እንጂ መቶ አያስገባም። ሌላ የሚያስጨንቅዎ ነገር አለ?» ማርታ ወደ ጣሪያው አየች። ቃልኪዳን ወደ ወለሉ አየች። እኔ የማየው አጥቼ ጋውኔን አየሁ።

ሁለተኛው ኪኒን ተዋጠ። ሌሎቹ በሽተኞች አንድ በአንድ ገብተው ተነስተው ወጡ፤ አንድ የቦዲቲ አዛውንት ገና ሲተኙ ሃምሳ ስምንት ነው አሉ። በእሳቸውም ቀናሁ። የእኔ ሰባ ላይ ተገትሮ ቀረ። መስኮቱ ላይ የነበረው ፀሐይ ወደ ግድግዳው ሲዞር ዶክተር እዮብ በሩን ገርበብ አድርጎ በሀዘን አየኝ።

«መምህር፣ ቶሎ ካልወረደ ለሚቀጥለው ወር እናደርገዋለን። የደበዘዘ ፎቶ አይቼ ልዋሽዎ አልችልም።»

የሚቀጥለው ወር። ዳገቱ ታየኝ። ወንድሜ ገበያ መሃል ቁጭ ሲል ታየኝ። ማርታም ያው ታይቷት መሰለኝ እጄን ያዘችኝ። ከሞትኩ አይቀር ጠይቄ ልሙት አልኩ።

«ማርታ፣ ያ ጎማ ባይፈነዳ ኖሮስ?»

«የምን ጎማ?»

«የሚኒባሱ ጎማ። የእሱ ሽማግሌዎች።» በአገጬ ወደ በሩ አሳየኋት።

ማርታ ከዶክተሩ ጋር ተያዩ። እሱ ቀስ ብሎ ገባና በሩን ዘጋው።

«ይህን ጎማ እስከ ዛሬ ይዘውት ነው?» አለኝ። «ምንም ጎማ አልፈነዳም፣ መምህር። ሽማግሌዎቼ በሰላም ደረሱ፤ ከእርስዎ ሽማግሌዎች በሳምንት ቀድመው። በልተው፣ ጠጥተው፣ ተመርቀው ነው የተመለሱት። እምቢ ያለችው እሷ ናት።»

«አባቴ ናቸው ጎማ ያፈነዱት» አለች ማርታ። «አረካ ድረስ ‹ልጄ እምቢ አለች› የሚል ወሬ እንዳይሄድ፣ የሰው ልጅ እንዳይዋረድ ብለው። እኔም ቃል ገብቼላቸው ነበር።»

«ታዲያ እኔ ቀድሜ ስለደረስኩ አይደለም?»

«አንተ?» አለች። ድምፅዋ ያን ጊዜ ነው ከፍ ያለው። «አንተ ቀድመህ? ዶክተር ሊሆን ያለ ሰው መልሼ፣ እናቴ ተቆጥታኝ፣ ሳምንቱን ሙሉ መንገድ መንገዱን ሳይ! ‹ይሄ ሰውዬ ዓይኑን ብቻ ነው እንዴ የሚልከው፣ ሽማግሌ የለውም?› እያልኩ ሳለቅስ! ምን ያህል እንደዘገየህ ታውቃለህ?»

ሃያ ምናምን ዓመት የቀናሁት ባልፈነዳ ጎማ ነበር። ቀድሜ ደረስኩ ብዬ የማፍር ሰው፣ ለካስ ዘግይቼ ስጠበቅ ነበር። ደረቴ ላይ ሲያስጨንቀኝ የኖረ አንድ ነገር ውልቅ ብሎ ሄደ። ማንን ላመስግን፣ ማንን ልኮንን? በመንገድ ዳር ሰላም ያልኳቸው ጎማ ለጣፊዎች ሁሉ ትዝ አሉኝ።

«ስድሳ ሦስት!» ብላ ጮኸች ቃልኪዳን።

ከዚያ በኋላ የሆነው ግርግር ነው። «እንዳይነሱ! እንዳይራመዱ! እንዳይናገሩ!» ተሽከርካሪ ወንበር መጣ። ማርታ ሽቦ ተሸክማ ከጎኔ፣ ቃልኪዳን በር እየከፈተች ከፊቴ፣ ከኋላዬ ደግሞ እየሮጠ የሚገፋኝ ዶክተር እዮብ። በጉብዝናዬ ወራት «አንድ ቀን እዮብ ጋሪህን ይገፋልሃል» ብትሉኝ ደስታዬን አልችለውም ነበር። አሁን ደስ ያለኝ በደንብ ስለሚገፋ ብቻ ነው።

ማሽኑ ትልቅ ቀለበት ነው፤ አልጋው ወደ ውስጡ ይገባል። በክንዴ መድኃኒት ሲሰጡኝ ሙቀት ከጉሮሮዬ እስከ ጭኔ ወረደ። ሱሪዬን አበላሸሁ ብዬ ደነገጥኩ፤ አላበላሸሁም፤ ሁሉም እንዲህ ይመስለዋል አሉኝ። ከዚያ በድምፅ ማጉያው የእዮብ ድምፅ መጣ፤ «አየር ይሳቡ። ይያዙ።» ያዝኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ያ ሰው ያለኝን ነገር ያለ አንዳች ክርክር ፈጸምኩ።

ማምሻውን ሁለታችንንም አስገብቶ ልቤን በስክሪን አሳየን። ሰው ስለ ልቡ ብዙ ያወራል፤ የእኔ እንደ ትልቅ ድንች ነው፣ ሐረግ የተጠመጠመበት። እዮብ በጣቱ ሐረጎቹን አንድ በአንድ ተከተለ። ማርታ ትንፋሿን ውጣ ነበር፤ ያዢ ያላት ሳይኖር።

«ትልልቆቹ ክፍት ናቸው» አለ። «እዚህች ጋ ትንሽ ጥበት ጀምራለች፤ በመድኃኒት፣ ቀስ ባለ የእግር ጉዞ፣ ቅቤ በመቀነስ ትያዛለች። አዲስ አበባ መሄድ አያስፈልግም።»

ማርታ ፊቷን በሰማያዊው ቀሚስ እጅጌ ሸፍና አለቀሰች። ወንድሜን አስታወስኩና እኔም አለቀስኩ። ቅቤ ቀንስ ስላለኝ ግን ለሰውዬው ትንሽ ቂም ማስቀረቴን አልደብቅም፤ ወላይታ ቁጭ ብሎ ቅቤ ቀንስ ይባላል?

በማግስቱ ጠዋት በረንዳ ላይ ተቀምጬ ምቴን ልቆጥር ብሞክር የራሴ አንጓ ላይ ላገኘው አልቻልኩም። «እስቲ ባንቺ ልልመድ» ብዬ የማርታን እጅ ያዝኩ። የእሷ ቶሎ ተገኘ፤ ረጋ ያለ፣ የማይቸኩል። ቆጠራውን እንደጀመርኩ ስልኬ ጠራ። እጄ ስለተያዘ ድምፁን ለሁለታችንም ለቀቅሁት።

«ጋሼዬ! ቃልኪዳን ነኝ። እንዴት አደሩልኝ? ኪኒኑ አላዞረዎትም?»

«ደህና ነኝ ልጄ፣ እግዚአብሔር ይስጥሽ።»

«ጎሽ የኔ ጋሼ! በኋላም እደውልልዎታለሁ።»

ስልኩ ተዘጋ። ማርታ ወደ ዳሞታ እያየች ነው፤ ፊቷ ላይ ምንም የለም።

«ይቺ ልጅ ስልክህን ከየት አመጣችው?» አለች።

«ከካርዱ ላይ ነዋ።»

«‹የኔ ጋሼ› ማለትስ ካርዱ ላይ ተጽፏል?»

ጣቶቼ ሥር ያ የማይቸኩለው ምት ሩጫ ጀምሮ ነበር፤ ዱብ ዱብ ዱብ፣ ያለ ሀይታ ቱኬ፣ በባዶ ሆድ።

«በል ልቀቀኝ፣ ሥራ አለብኝ» አለች እጇን እየጎተተች።

«ቆይ፣» አልኳት፣ «ደቂቃው ገና አልሞላም።»